ቤት ለእምቦሳ፤ ከእረኝነት እስከ እርሻ ቤት ሽርሽር

የማኅበራችን የመጽሔት ዝግጅት ኮሚቴ ለ10ኛው ዓመት በዓል አንድ ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በጠየቀን ጊዜ፣ ብዙዎች የጠበቁት ስለ ዐድዋ ወይም ስለ አክሱም እንድንጽፍ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብተን የታሪክ ትምህርትን እስከ ሁለተኛ ዓመት ስለቀመስን፣ በታክሲ ተራም ላይ ክርክር በተነሣ ቁጥር «እስቲ ታሪክ ያነበበው ይናገር» እየተባልን ስለምንጠራ፣ ጥያቄው አላስደነቀንም። ይሁን እንጂ የመረጥነው ርእስ ሌላ ነው። ስለ እረኝነት እንጽፋለን። ምክንያቱን ከዚህ በታች እናስረዳለን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

ባለፈው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባችን እዚሁ ኧርቪንግ ውስጥ ቤት ገዝቶ ለምርቃቱ ጠራን። አብረውን የሄዱ አንድ እናት ከደጃፉ ቆም ብለው፣ እንደ አገራችን ደንብ፣ «ቤት ለእምቦሳ!» አሉ። ባለቤቶቹም «እምቦሳ እሰሩ!» ብለው ተቀበሏቸው። በዚህ ጊዜ የ9 ዓመት ልጃችን እጃችንን ጎተተችና «አባባ፣ እምቦሳ ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችን። አዲስ የተወለደ ጥጃ ነው አልናት። ወደ ውስጥ አየት አድርጋ፣ ነጩን ምንጣፍና የመስታወቱን ጠረጴዛ ቃኝታ፣ «ታዲያ የት ሊያስሩት ነው?» አለች። «ጋራዡ ውስጥ» አለ ከኋላችን የነበረ ወዳጃችን። ሁሉም ሳቀ። እኛም ሳቅን። ማታ ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን በመኪናው ውስጥ ከነበሩት ሦስት ልጆቻችን መካከል ጥጃ በእጁ ነክቶ የሚያውቅ አንድም እንደሌለ ትዝ አለን። ለሺህ ዓመታት ከብት ካረባ ዘር በመጡ ልጆች ላይ ይህ የደረሰው በአንድ ትውልድ ብቻ ነው።

የተወለድነው በፎገራ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ወረታ አጠገብ ነው። ፎገራ በከብቱ የታወቀ አገር መሆኑ ይታወቃል። የፎገራ ላም ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ስትሆን በወተቷ የተመሰገነች ናት። ሜዳውን በክረምት ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ሞልተው ያጥለቀልቁታል፤ ያን ጊዜ ከብቱ ወደ ከፍታው ይወጣል፤ ውኃው ሲሸሽም ወደ ለመለመው ሣር ይመለሳል። በዚያ አገር ልጅ አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው መጀመሪያ የሚሰጠው ጥጃ መጠበቅ ነው። ጥጃ ከእናቱ ጋር ከዋለ ወተቱን ስለሚጨርሰው፣ ከቤት ሳይርቅ ለብቻው ይጠበቃል። ቀጥሎ በግና ፍየል ይመጣል። ወደ ዐሥር ዓመት ሲጠጋ የከብት እረኛ ይሆናል። ማዕረጉም በቅደም ተከተል እንጂ በዝላይ አይገኝም፤ ጥጃ ያጠፋ ልጅ ወደ በግ አይዛወርም።

ሥራው ብዙ ነው። ጠዋት በረት ይጠረጋል፤ እበቱ ለኩበት ይከማቻል፤ መዥገር ይለቀማል፤ ውኃ ይጠጣል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ዐይን ነው። ሃያ ከብት በሣሩና በሰው ጤፍ መካከል ይዞ የሚውል ልጅ፣ የትኛዋ ላም መንገድ እንደምትመራ፣ የትኛው ወይፈን አጥር እንደሚጥስ፣ የትኛዋ ጊደር እረኛው ዘወር ሲል እንደምትሸሽ ለይቶ ማወቅ አለበት። አዝመራ ካስበላ ባለማሳው ካሣ ይጠይቃል፤ አባትም ካሣውን ከፍሎ ዱላውን ለልጁ ያወርሳል። ማታ ሲቆጠር አንዲት በግ ከጎደለች ደግሞ ራቱ ቀርቶ በጨለማ ፍለጋ ነው፤ ጅብ አይጠብቅምና።

በዚህ ሁሉ መካከል ደስታ አልነበረም ማለታችን አይደለም። ገሳ ለብሶ ከዝናብ ሥር ቆሎ መቆርጠም፣ ዋሽንት መንፋት፣ ወንዝ መዋኘት ነበር። የቡሄ ጅራፍ የእረኛ ነው፤ የገና ጨዋታም አመጣጡ ከእረኞች ጋር ተያይዞ ይነገራል። ቀድሞ ሹማምንት የአገሩን ስሜት ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ሽማግሌዎች ይተርካሉ። ሆኖም ያው «እረኛ» የሚለው ቃል ከተማ ሲገባ ስድብ ይሆናል። ይህን ስድብ እኛም ዩኒቨርሲቲ በገባን በመጀመሪያው ወር ሰምተነዋል፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እኛም በሌላ ሰው ላይ ተጠቅመንበታል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አባታችን ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ልጆች ይመዝገቡ ሲባል ጥያቄው አንድ ነበር፤ «ከብቱን ማን ይጠብቅ?» ታላቅ ወንድማችን 11 ዓመቱ፣ እኛ 7 ዓመታችን ነበር። እርሱ ሥራውን ያውቃል፤ እኛ ገና ጥጃ ላይ ነን። ስለዚህ የማይጠቅመው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ተላከ። በትክክል የሆነው ይህ ነው፤ «ጎበዙ ተመረጠ» የሚባለው በኋላ ለእንግዳ የሚነገር ነው። የእኛ ፈረቃ ጠዋት ስለነበር ከሰዓት በኋላ መስክ ላይ እንገናኝ ነበር። በዱላ ጫፍ መሬት ላይ ፊደል እየጻፍን አስጠናነው፤ እስከ «ቀ» ደረሰ። ከዚያ የመኸር ሥራ መጣ፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። በኋላም ዩኒቨርሲቲ ገብተን ለክረምት ዕረፍት አገር ቤት ስንመለስ ዱላውን ተቀብለን ከብቱን ልናግድለት ብንጠይቀው «ተማሪ አይደለህ? ተቀመጥ» ብሎ ከለከለን።

የክረምት ዕረፍት ካነሣን አይቀር፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ በአገራችን የተለመደ መሆኑን እዚህ ላይ መግለጽ ይገባል። ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ሲዘጋ ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባም ሳይቀር የከተማ ዘመዶች ልጆቻቸውን ወደ አያቶቻቸው ይልኩ ነበር። ስኳርና ሳሙና ይዘው፣ ጫማ አድርገው ይመጣሉ። በማግስቱ «እኛም እንጠብቅ» ይላሉ። እኛም ክፉዋን ላም መርጠን እንሰጣቸዋለን! እርጎና አይብ እየበሉ፣ ግልገል እያቀፉ፣ ጅራፍ እየተማሩ ሁለት ወር ይቆዩና ለዘመን መለወጫ ይመለሳሉ። ያው ላም፣ ያው መስክ ለእነርሱ ሽርሽር ለእኛ ሥራ ነበር። ልዩነቱ የላሚቱ ሳይሆን፣ ልጁ ሲሰለቸው ጥሎ ወደ ቤት መግባት መቻሉና አለመቻሉ ነበር።

ወደዚህ አገር ከመጣን በኋላ ያየነው ታሪክም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ኧርቪንግ በ1903 የባቡር ሐዲድ ተከትላ ስትቆረቆር ዙሪያዋ እርሻና የከብት መሬት ነበር። ዛሬ ፎቆቹን የምናያቸው ላስ ኮሊናስ ቀድሞ የአንድ ቤተሰብ የከብት እርባታ ነበር፤ ስሙም በስፓኒሽ የኮረብቶቹ ትንሽ እርባታ እንደ ማለት ነው። ወደ ከተማነት መለወጥ የጀመረው በ1973 ነው። በጥር 1974 ሥራ የጀመረውና የብዙዎቻችን እንጀራ የሆነው የዳላስ ፎርት ወርዝ አውሮፕላን ማረፊያም የተሠራው በሣር ሜዳና በእርሻ ላይ ነው። ተራ እየጠበቅን የምንተኛበት አስፋልት ሥር የከብት መስክ አለ ማለት ነው። በዊልያምስ ስኩዌር የሚገኙት ዘጠኙ የነሐስ ፈረሶች በ1984 የቆሙት በቴክሳስ ሜዳ ይጋልቡ ለነበሩት የዱር ፈረሶች መታሰቢያ ነው። የቀረጻቸው ሮበርት ግሌን የኬንያ ተወላጅ መሆኑን ስንት ሰው ያውቃል? የእኛ ልጆች በእጃቸው የዳሰሱት የመጀመሪያው ትልቅ እንስሳ ከነዚህ ፈረሶች አንዱ ነው፤ እርሱም ነሐስ!

«ካውቦይ» የሚለውን ቃል ብንፈታው የላም ልጅ ማለት ነው፤ በአማርኛችን እረኛ። ከ1867 ጀምሮ በቺዝም ትሬይል መንገድ ከደቡብ ቴክሳስ ወደ ካንሳስ ከብት የነዱት አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ከባርነት የወጡ ጥቁሮችና ሜክሲኳውያን ብዙ ናቸው። ፎርት ወርዝ የዚያ መንገድ ማረፊያ ነበረች። በ1876 ባቡር ገባላት፤ በ1890 የከብት ገበያዋ ተቋቋመ። ሥራው ከባድ፣ ደመወዙ ትንሽ ነበር። ነገር ግን ሥራው እያለቀ ሲሄድ ክብሩ ጀመረ፤ መጽሐፍና ፊልም ተሠራለት። ዛሬ በስቶክያርድስ ቀንዳቸው የረዘመ በሬዎች በቀን ሁለት ጊዜ በጎዳና ላይ ይነዳሉ፤ ይህም ከ1999 ጀምሮ ለጎብኚ የሚቀርብ ትርኢት ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ስንት ቤተሰብ ወደዚያ አድርሰናል! አሜሪካ እረኛዋን ጀግና ስታደርግ እኛ መሰደቢያ ማድረጋችን ያስቆጫል። ሆኖም እኛ የምናውቀው እረኛ ገና በሕይወት ያለ፣ ገና የሚደክም ሰው ስለሆነ፣ የእነርሱ ክብርም የመጣው እረኛው ካለፈ በኋላ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ልጆችን ወደ እርሻ ወስዶ ከእንስሳት ጋር ማዋልም እንዲሁ የተጀመረው ሰው ከመሬት ከተለየ በኋላ ነው። በ1877 ዊላርድ ፓርሰንስ የተባሉ የፔንሲልቬንያ የገጠር ቄስ፣ በኒውዮርክ በተፋፈጉ ቤቶች የሚኖሩ ድሃ ልጆችን ምእመናኖቻቸው በየቤታቸው ለጥቂት ሳምንት እንዲቀበሏቸው ጠየቁ። ብዙዎቹ የስደተኛ ልጆች ነበሩ። «ፍሬሽ ኤር ፈንድ» የሚባለው ድርጅት የመጣው ከዚህ ነው። በ1880ዎቹ ደግሞ ከፒትስበርግ የመጡ ሦስት ኢተን የሚባሉ ወንድማማቾች በዳኮታ ከብት ሲያረቡ የሚጎበኛቸው ወዳጅ በዛባቸውና ቀለቡን ማስከፈል ጀመሩ። በ1904 ወደ ዋዮሚንግ ተዛወሩ። ይህን ሥራ የያዙ አርቢዎች በ1926 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በእኛው ቴክሳስ የባንዴራ ከተማ በ1920ዎቹ ይህንኑ ጀምራ ዛሬም በዚህ ትታወቃለች። በአውሮፓ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበሬው ወደ ከተማ ሲፈልስ፣ ፈረንሳይ በ1951 የመጀመሪያውን የገጠር ማረፊያ ቤት ከፈተች፤ ኢጣልያም በ1985 ገበሬ በእርሻው እንግዳ እንዲያሳድር የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በአገራችንም ከ2003 ጀምሮ በላሊበላ አካባቢ፣ በመቄት፣ «ተስፋ» በሚባለው ዝግጅት ገበሬዎች እንግዳ በመንደራቸው ያሳድሩ ጀመር።

በነገራችን ላይ፣ የአሜሪካ ትምህርት ቤት በበጋ የሚዘጋው ልጆች እርሻ እንዲያግዙ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እውነት አይደለም። የገጠር ልጆች ቀድሞ በበጋም በክረምትም ይማሩ ነበር፤ የሚለቀቁት በዘርና በአጨዳ ወራት ነው። ረጅሙ የበጋ ዕረፍት የመጣው ከሙቀታቸው ከሚሸሹት ከተሞች ነው። ይልቁንስ ለልጆች የተሠራው ነገር በ1908 ከፎርት ወርዝ በስተሰሜን ምዕራብ በጃክ ካውንቲ የተመሠረተው የልጆች የበቆሎ ክበብ ነው፤ የቴክሳስ «ፎር ኤች» ክበብ ከዚህ ይጀምራል። የዚህ ክበብ ልጆች ዛሬም ወይፈን ከጥጃነቱ አሳድገው በፎርት ወርዝ የከብት ትርኢት ለሐራጅ ያቀርባሉ። አንድ ጊዜ ሄደን አይተናል። የ14 ዓመት የሚሆን ልጅ በሬው ሲሸጥ፣ ባርኔጣውን ወደ ፊቱ ስቦ አለቀሰ። ያ ልጅ እረኛ ነው፤ ማንም አያስተምረንም።

ወደ ማኅበራችን እንመለስ። በተመሠረተ በሦስተኛው ዓመት፣ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ልጆችን እርሻ ቤት ወስደን ሁለት ሌሊት እናሳድር የሚል ሐሳብ ከወላጆች ቀረበ። አንድ የተከበሩ አባት ተነሡና እንዲህ አሉ፤ «እኔ ስምንት ዓመቴ ሳለ ለዓመት በጥቂት ቁና ጤፍና በአንድ ቁምጣ ለሰው ተቀጥሬ ከብት ጠብቄአለሁ። ከበግ ጋር ነበር የምተኛው። ልጆቼ እበት እንዳይነኩ ብዬ ነው ባሕር የተሻገርኩት። አሁን ገንዘብ ከፍላችሁ ትመልሷቸዋላችሁ?» አዳራሹ ጸጥ አለ። ለርሳቸው የሚሆን መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። ጉዞው በድምፅ ብልጫ አለፈ፤ እርሳቸው ግን አልመጡም።

ከፎርት ወርዝ በስተምዕራብ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ሄደን፣ አንድ አዛውንት ባልና ሚስት የሚያስተዳድሩት እርሻ ገባን። አምስት ቤተሰብ፣ 11 ልጆች ነበርን። አንድ ቤተሰብ የከፈለው የሁለት ቀን የታክሲ ገቢ ይሆናል፤ ያውም ኡበር በ2012 ዳላስ ከገባ በኋላ ባለው ገቢ። ልጆቹ ለግልገል ጡጦ አጠቡ፤ እንቁላል ለቀሙ፤ ለፈረስ ድርቆሽ አቀረቡ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሴትዮዋ አካፋ አድለው ጋጣውን አስጠረጓቸው። አንድ ወንድ ልጅ አፍንጫውን ይዞ ውጭ ቀረ። ልጃችን ለአንድ ሰዓት ያህል ጠረገች፤ ከዚያ ደከመኝ ብላ አካፋውን አስቀምጣ ወደ መዋኛው ሄደች። ከንክኖን ቆመን አየናት። የቀረውን እኛ አባቶች ጠረግነው። ማንም አላዘዘንም፤ እጃችን ሥራውን ያውቀው ነበር። ከሁላችን አንጋፋ የሆነው ሹፌር ወገቡን ይዞ «ይህን ሥራ ሸሽቼ መጥቼ!» እያለ ሲስቅ፣ ሴትዮዋ ምን እንዳለ ጠየቁን። ተርጉመን ስንነግራቸው አልሳቁም፤ የእርሳቸው ልጆችም ሁሉም ሂውስተን ቢሮ ውስጥ እንደሚሠሩ ነገሩን።

ስንመለስ እኚያ አባት የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከብቱ ማታ የት ያድራል?» መስክ ላይ አልናቸው። «ጅብ የለም?» ኮዮቴ የሚባል አለ አልናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በቀጣዩ ዓመት የልጅ ልጃቸውን ላኩ።

በዚያው ሰሞን ለወንድማችን ስልክ ደወልን። «ከፍላችሁ ነው በረት የጠረጋችሁት?» ብሎ ስልኩ እስኪቋረጥ ሳቀ። መልሰን ስንደውል ግን ወሬው ሌላ ሆነ። የልጅነታችን መስክ የለም። በደርግ ዘመን የገባው ሩዝ ከዚያ ወዲህ ተስፋፍቶ ግጦሹን ይዞታል፤ የተረፈውን አሜኬላ ወርሶታል። ሩዙ ገንዘብ ያመጣል፤ እርሱም ይዘራል፤ አያማርርም። ሃያ የነበረው ከብት ሁለት በሬና አንዲት ላም ቀርቷል። ልጁ ዐሥረኛ ክፍል ነው፤ ላሚቱ ደጅ ታስራ ድርቆሽ ስለሚቀርብላት መስክ ውሎ አያውቅም። ይህን ስንሰማ፣ ልጆቻችንን አገር ቤት ወስደን እናሳያቸዋለን ያልነው ነገር ራሱ እየሄደ መሆኑን ተረዳን። ለ2023 ክረምት ትኬት ልንቆርጥ ተነጋግረን ነበር፤ በዚያው ዓመት በአማራ ክልል ግጭት ስለተነሣ ቀረ።

የታላቅነቱን ነገር፣ ከብቱን እርሱ በመጠበቁ እኛ መማራችንን፣ ለልጆቻችን የነገርናቸው ከእርሻው ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ነግረናቸው አናውቅም ነበር። ልጃችን «እርሱ ደከመኝ ሲልስ ማን ይጠብቅ ነበር?» አለች። ማንም አልነው። ከዚያ እስከ ኧርቪንግ አልተናገረችም፤ ምናልባት ተኝታ ሊሆን ይችላል።

ከእርሻው ላሞች አንዷን፣ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬዋን፣ ልጃችን አቅፋ የተነሣችውን ፎቶግራፍ በወንድማችን ልጅ ስልክ ላክንለት። በማግስቱ ድምፁን ቀርጾ መለሰልን። ላሚቱ መልካም ናት አለ፤ ግቷም ጥሩ ነው፤ ልጅቱም አያያዙን ታውቃለች። «ግን ሻኛዋን ማን ወሰደባት?»

ልጃችን መልእክቱን ሁለት ጊዜ አሰምታን «ሻኛ ምንድን ነው?» አለች።